ያልለጠፍኩት ሁለተኛ ገጽ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ የጾም ግድፈቴን፣ በሰው ላይ ያሰብኩትን ክፉ ሐሳብ፣ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ሳልወድ የሰማሁትን ሐሜት ሳይቀር እየዘረዘርኩ ነግሬአቸዋለሁ። ይህን ግን አልነገርኳቸውም። ለእኅቴም አልነገርኩም። በየዓመቱ ሰኔ ላይ ሥራዬን ለራሴ የምገመግምበት አንድ ደብተር አለኝ፤ እዚያም ላይ አልጻፍኩትም። አሁን ስጽፈው ልቤ ዳገት እንደወጣ ሰው ይመታል። ከፍርሃት ነው ብል ግማሹን ብቻ መናገር ይሆንብኛል፤ ግማሹን ብቻ መናገር ምን እንደሚያስከትል ደግሞ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ደስታም አለበት። አዎን፣ በዚህ ዕድሜዬና በዚህ ዝምተኛ ጠባዬ፣ ወንበር ላይ መቀመጥ አቅቶኝ ከመስኮቱ ወደ ጠረጴዛው፣ ከጠረጴዛው ወደ መስኮቱ እመላለሳለሁ። የደስታዬን ምክንያት በኋላ እነግርዎታለሁ። አስቀድመው በደሌን ይስሙ።

አርባ ምንጭ ውስጥ በሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። የዛሬ አራት ዓመት፣ ከማስተማሩ በተጨማሪ፣ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ሰብሳቢ ነበርኩ። ባልደረቦቼ ስለ እኔ ሲናገሩ ሁለት ነገር ይላሉ፤ ብዙ አትናገርም፣ እጇ የገባ ወረቀት አይጠፋም። ሁለቱም እውነት ነው። እኔ ቆጥሬ ያሸግሁትን የፈተና ወረቀት ሌላ ሰው ደግሞ አይቆጥረውም ነበር። ይህን የምናገረው ልመካበት አይደለም። በደሌን የሠራሁት በዚሁ መታመን ተሸሽጌ ስለሆነ ነው።

በዚያ ዓመት፣ ትምህርት ተጀምሮ ብዙም ሳይቆይ፣ ተማሪዎች ወደ ትምህርት ቤት ሞባይል ስልክ ይዘው እንዳይገቡ የሚከለክል የመንግሥት መመሪያ ደረሰን። እንዴት እንደተደሰትኩ! እነዚያን ቁጥር የተሰጣቸው አንቀጾች ሳነብ ፊቴ ይሞቀኝ ነበር። ምክንያቱን ልደብቅ? አልደብቅም። በቀደመው ዓመት አንድ ተማሪ፣ ሰሌዳ ሳጠፋ ከኋላዬ ቀርጾኝ፣ እንቅስቃሴዬን ከዘፈን ጋር አዋህዶ ቲክቶክ ላይ ለቅቆት ነበር። ሴቻ ሠፈር ዳቦ ልገዛ ተሰልፌ ቆሜ፣ ልጆች ስልካቸውንና እኔን እያፈራረቁ እያዩ ሲሳሳቁ ሰምቻለሁ። ማን እንደቀረጸኝ አላወቅኩም፤ አልጠየቅኩምም። በልቤ ግን ስልክ የያዘ ልጅ ሁሉ የቀረጸኝ ልጅ ሆነ። ይህን ሰበብ አላደርገውም። መመሪያውን ሳነብ በውስጤ የተቀጣጠለው ሥርዓት ወዳድነት ብቻ እንዳልነበረ እንዲያውቁልኝ ነው።

መመሪያው በሽቦ የተያያዘ ሁለት ገጽ ነበር። የመጀመሪያው ገጽ ይከለክላል፤ የሚወረስበትን፣ የሚቀመጥበትን፣ ወላጅ የሚጠራበትን ሥርዓት ይደነግጋል። ሁለተኛው ገጽ «በልዩ ሁኔታ» ብሎ ይጀምራል። በዚያን ጊዜ የአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መጻሕፍት ታትመው በበቂ አልደረሱንም ነበር፤ ልጆቹ የሚያጠኑት በየስልካቸው ከጫኑት ቅጂ ነበር። ሁለተኛው ገጽ ይህንን ያውቃል። የታተሙት መጻሕፍት እስኪደርሱ ድረስ ትምህርት ቤቱ አንድ የንባብ ክፍልና የተወሰነ ሰዓት መድቦ፣ መምህር እየተቆጣጠረ፣ ተማሪዎች በስልካቸው እንዲያነቡ ያድርግ ይላል።

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ልዩ ሁኔታ ማለት ለእኔ ቀዳዳ ማለት ነበር። አንዱ መጽሐፍ ላነብ ነው ብሎ ያስገባል፤ ሌላው በዚያው ሽፋን ይቀርጻል፤ ሌላኛዋ እናቴ ታማብኛለች ትላለች፤ ሥርዓቱ ሳይቆም ይፈርሳል። ይህን ሁሉ ለራሴ ካስረዳሁ በኋላ፣ ቢሮዬ ውስጥ ብቻዬን፣ ሽቦውን በጥፍሬ ነቀልኩት። የመጀመሪያውን ገጽ ጠረጴዛዬ ላይ አኖርኩ። ሁለተኛውን አልቀደድኩትም፤ ወረቀት ቀድጄ አላውቅም። «ገቢ ደብዳቤዎች» የሚል ፋይል ውስጥ፣ በቀኑ ተራ፣ በቦታው አስቀመጥኩት። እንዲህ ያለ ሰው አይተው ያውቃሉ? ሰርቆ የሰረቀውን በመዝገብ የሚያስቀምጥ?

ርዕሰ መምህሩ ጥድፊያ ላይ ነበሩ።

«አይተሽዋል?» አሉኝ አንዷን ገጽ እያዩ።

«አይቼዋለሁ።»

«አንቺ ካየሽው ይበቃል» ብለው ፈረሙበት።

በመስተዋት ሰሌዳው ላይ አንድ ገጽ ለጠፍኩ። አንድ ገጽ ብቻ። ከዚያ የሆነውን ሁሉ የሠራሁት በደስታ ነው፤ እውነቱ ይህ ነው። ሲቀላ ሠፈር ባለ አንድ አናጢ ስድሳ ክፍል ያለው ባለ ቁልፍ ሣጥን አሠራሁ፤ በየክፍሉ ላይ ቁጥሩን በነጭ ቀለም የጻፍኩት እኔ ራሴ ነኝ። መዝገብ አሰመርኩ፤ የተማሪው ስም፣ የስልኩ ዓይነት፣ የተያዘበት ሰዓት፣ የወላጅ ስልክ ቁጥር። ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ እንደ ልጅ እቸኩል ነበር።

ኅዳር ላይ፣ በእረፍት ሰዓት፣ ከቤተ ሙከራው ጀርባ ካለው የማንጎ ዛፍ ሥር አምስት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጃገረዶች ግንባራቸውን አጋጥመው ተቀምጠው አየሁ። ከጨንቻ ወዲያ ካሉ የደጋ ቀበሌዎች ለትምህርት የወረዱ ነበሩ፤ ሴቻ አንድ ክፍል ተከራይተው በጋራ ይኖራሉ። በመካከላቸው መስተዋቱ የተሰነጠቀ አንድ ስልክ አለ። ኮቴዬን አጥፍቼ ከኋላቸው ቆምኩ። ስልኩ ላይ ምን የነበረ ይመስልዎታል? የእኔው ትምህርት ነበር፤ የባዮሎጂው መጽሐፍ፣ በማግሥቱ የማስተምረው ምዕራፍ። አንዷ በእንግሊዝኛ ታነባለች፤ አስናቀች የምትባለው ደግሞ ለሌሎቹ በጋሞኛ ታስረዳቸዋለች።

እኔ ጋሞኛ አልሰማም። አባቴ ከጎጃም በመንግሥት ሥራ ተመድበው መጥተው እዚሁ ተወልጄ ባድግም፣ ከሰላምታ የዘለለ አልተማርኩም፤ ይህም ሌላ እፍረት ነው። እጇን ግን አየሁ። ሕዋሱን፣ ሽፋኑን፣ የሚገባውንና የሚወጣውን በጣቶቿ አየር ላይ እየሣለች ነበር። እኔ በጠመኔ ከማደርገው ይልቅ ግልጽ ነበር። ይህንንም በዚያች ቅጽበት አውቄዋለሁ።

እጄን ዘረጋሁ።

«መጽሐፍ ነው፣ ቲቸር» አለች አስናቀች ብድግ ብላ።

«ስልክ ነው።»

«እውነቴን ነው! ሲም ካርድ እንኳ የለውም እኮ፤ ይዩት።»

«ማን ይደውልላታል ብለው ነው፣ ቲቸር!» አለች አንዷ፤ ሌሎቹ ሳቁ። ለመሳቅ እንኳ አልፈሩኝም ነበር። ፊቴን ሲያዩ ግን ሳቁን ተዉት።

አርባ አንድ ቁጥር ክፍል ውስጥ ቆለፍኩበት። የአምስት ልጆችን መጽሐፍ በአንድ ቁልፍ ቆለፍኩበት። መጽሐፍ መሆኑን እያወቅኩ ቆለፍኩበት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የወላጆች ስብሰባ ተጠራ። አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ስለ መመሪያው ያብራራሁት እኔ ነበርኩ፤ ወላጆች አጨበጨቡልኝ፤ ጉንጬ ጋለ። ጥያቄ ካለ ሲባል አስናቀች ከኋላ ተነሣች። አጠገቧ አባቷ አቶ ማዳ ጋቢያቸውን ደርበው ተቀምጠዋል፤ ሸማኔ ናቸው፤ በማለዳ ከደጋ የወረዱት ለዚሁ ስብሰባ ነው።

«ቲቸር፣ ምዕራብ ዓባያ ወረዳ የምትማር የአክስቴ ልጅ አለች። እነሱ በላይብረሪ፣ በስልክ እንዲያነቡ ተፈቅዶላቸዋል። መመሪያው ሁለተኛ ገጽ አለው ብላኛለች። የእኛ ሁለተኛ ገጽ የት ሄደ?»

ያን ጊዜ «ልመልከተው» ማለት እችል ነበር። «ተሳስቼ ይሆናል» ማለት እችል ነበር። ተሳስቻለሁ ብትል ይህች ጠንቃቃ ሴት ምን ይቀርባታል? ሁሉ ሰው ይሳሳታል፤ ወረቀት ይረሳል። ነገር ግን እኔ አልረሳም። እኔ እንደማልረሳ አዳራሹ በሙሉ ያውቃል። ስለዚህ አንድ ቃል ተናገርኩ።

«የለውም።»

አቶ ማዳ ተነሡ። አማርኛቸው ገበያ ላይ የተማሩት ነው፤ አጭርና ቀጥተኛ።

«መምህርት፣ ወረቀቱ ሁለተኛ የለውም?»

«የለውም።»

«ማኅተም ያለው ወረቀት ነው?»

«ነው።»

ወደ ልጃቸው ዞረው በጋሞኛ አንድ ነገር ተናገሩ። አስናቀች ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ በዚያ ስብሰባ ላይ የማንንም ፊት አላየችም።

እኔ ግን ዋሸሁ። ወረቀቱ በእጄ፣ ፋይሉ በቢሮዬ፣ ቁልፉ በቦርሳዬ ሆኖ ዋሸሁ። ለአንዲት የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ፣ በአባቷ ፊት፣ በሁለት መቶ ሰው ፊት «የለውም» ብዬ ዋሸሁ።

በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ምናልባት ይህን አልጽፍም ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት የጥበቃ ሠራተኛው ሰዎች ይፈልጉሻል ብሎ ጠራኝ። ከበሩ ጎን፣ ጥላው ሥር፣ አቶ ማዳና ሁለት ሽማግሌዎች ቆመዋል፤ ሦስቱም በእጃቸው እርጥብ ሣር ይዘዋል። በጋሞ ደጋ ሣር የያዘ ሰው ዕርቅ ለማኝ ነው፤ ሣር ይዞ የመጣን ሰው አልሰማህም ማለት አይቻልም። አስናቀች በፊታቸው ተንበርክካለች። መምህርቷን በሰው ፊት ውሸታም ስላደረገች ይቅርታ ልትጠይቅ ነው የመጣችው።

በዕድሜ የገፉት ሽማግሌ በጋሞኛ ለረጅም ጊዜ ተናገሩ። ከዚያ ልጅቱን አንድ ነገር ጠየቋት፤ አንገቷን ነቀነቀችና መለሰች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ያንኑ ጥያቄ ጠየቁኝ። አልገባኝም። የተረጎመችልኝ አስናቀች ናት፤ እንደተንበረከከች፣ ዓይኗን ከመሬት ሳታነሣ።

«በሆድዎ የቀረ ነገር አለ ወይ እያሉ ነው፣ ቲቸር።»

ይህ ጥያቄ ለሁለቱም ወገን እንደሚቀርብ ያን ቀን አላውቅም ነበር። ደጋዎቹ ጎሜ የሚሉት ነገር አለ፤ ሰው ሠርቶ የደበቀው በደል ማለት ነው። ካልተናገሩት በሠራው ሰው ላይ ብቻ አይቀርም ይላሉ፤ ቤት ይገባል፣ ማሳ ይገባል፣ ልጅ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ከዕርቅ በፊት ሁሉም ሆዱን ባዶ ያደርጋል፤ የበደለውም፣ ተበደልኩ ያለውም። ሥርዓቱን ባላውቅም ጥያቄው ግልጽ ነበር። ከዚያች ልጅ አፍ፣ በማውቀው ቋንቋ፣ ቀስ ብሎ ቀርቦልኛል።

«ምንም የለም» አልኩ።

ሣሩን ተቀበልኩ። «ይቅር ብዬሻለሁ» አልኳት። እኔ ነኝ ይህን ያልኩት! እጄን ትከሻዋ ላይ አድርጌ አነሣኋት፤ ሽማግሌዎቹ መረቁኝ፤ አሜን አልኩ። ወደ ቢሮዬ ስመለስ ምን የተሰማኝ ይመስልዎታል? ጸጸት? ዕፎይታ ነበር፤ እንዲያውም ኩራት። በሳምንቱ ሣጥኑን ሊያዩ እንግዶች መጡ፤ ፎቶ አነሡት፤ ለሌሎች ትምህርት ቤቶች ምሳሌ ይሆናል ተባለ። እኔም ከሣጥኑ አጠገብ ቆሜ ተነሣሁ። ያ ፎቶ ሳሎኔ ውስጥ ነበር፤ ያወረድኩት የዛሬ ሦስት ሳምንት ነው።

አስናቀች የማጠቃለያውን ፈተና አላለፈችም። ከአምስቱ አንዷም አላለፈችም። የታተሙት መጻሕፍት ፈተናው ካለቀ በኋላ በካርቶን ታሽገው ደረሱ፤ ቆጥሬ የተረከብኳቸው እኔ ነኝ። እየቆጠርኩ ለራሴ የነገርኩትን ልንገርዎት፤ ያን ዓመት ስንቱ ልጅ ወደቀ፣ መጽሐፍ የነበረውስ መች አለፈ፣ አንድ ስልክ ምን ይለውጥ ነበር? ይህ ስሌት አራት ዓመት ሙሉ አገለገለኝ። ስሌቱ ትክክል ሊሆን ይችላል። የሠራሁትን ግን አይነካውም፤ ምክንያቱም የሰረቅኳት ፈተናውን ብቻ እንዳልሆነ አሁን አውቄአለሁ።

የዛሬ ሦስት ሳምንት ነው። ስልክ በትምህርት ቤት የሚከለክል አዲስ መመሪያ ወጥቶ፣ ልምድ አላት ተብዬ ለመምህራን ገለጻ እንድሰጥ ወደ ጨንቻ ተላክሁ። ገለጻዬን ጨርሼ፣ ጉም የሸፈነውን መንገድ ተሻግሬ ሚኒባስ ልይዝ ስል፣ አፕልና ጎመን ከሚሸጡት ሴቶች መካከል አንዷ ብድግ አለች።

«ቲቸር! ቲቸር! ረሱኝ? ያቺ ባለ ስንጥቅ ስልኳ ነኝ!»

አስናቀች ነበረች። ሳቋ ያው የማንጎው ዛፍ ሥር ሳቅ ነው። ከፊቷ ካለው ክምር የሚያምረውን አፕል ሳነሣ እጄን ያዘችኝ።

«እሱን ይተዉት፣ እሱ የቱሪስት ነው፤ መልክ ብቻ ነው። ይሄኛውን ይውሰዱ፣ አስቀያሚውን።»

«ለምን እንደገና አልተፈተንሽም?» አልኳት። ለምን ጠየቅኋት? መልሱ የእኔ እንዳይሆን ፈልጌ ይሆናል።

«አባቴ እሺ ቢለኝ አይደል! የግል ተፈታኝ ምዝገባ ተጀምሯል ብዬ ነገርኩት። ማን አለ? ማኅተም ያለው ወረቀት አምጪ አለኝ። እሺ፣ ወረቀት አመጣሁ። ይሄስ ሁለተኛ ገጽ የለውም? አለኝ። ቲቸር፣ ዝናብ መጣ ብዬ ብነግረው እንኳ ደጅ ወጥቶ ሰማዩን ሳያይ የተዘረጋውን ድር አይሰበስብም እኮ!»

ጎመን ሻጮቹ ሳቁ። አንዷ፣ «አንቺ ሁለተኛ ገጽ፣ ወሬውን ትተሽ ላስቲኩን ሳቢልን፤ ሊዘንብ ነው!» አለቻት።

«እንዲህ ነው የሚጠሩኝ» አለችኝ አስናቀች ላስቲኩን እየጎተተች። «ሠፈር ውስጥ የማይመስል ወሬ ያወራ ሁሉ ሁለተኛ ገጽ ይባላል። ለምጄዋለሁ። የሚያናድደኝ ያቺ የአክስቴ ልጅ ናት። ዋሽታ አዋረደችኝ፤ ካነጋገርኳት አራት ዓመት ሆነኝ።»

አዩ? እርሷ ራሷም አምናኛለች። እውነት የተናገረችው ልጅ እውነቷን ትታ የእኔን ውሸት ይዛ ቀርታለች። የሰረቅኳት ይህንን ነው፤ አባቷ የሚሰማት ቃሏን፣ እኅቷን የመሰለች የአክስቷን ልጅ፣ ያየችውን አየሁ የማለት ድፍረቷን። ያን ጊዜ፣ እዚያው፣ ጭቃው ላይ ቆሜ መናገር ነበረብኝ። አፌንም ከፍቼ ነበር። ሚኒባሱ ክላክስ ነፋ፤ አፕሉን ተቀበልኩ፤ ተሳፈርኩ። ለሦስተኛ ጊዜ ዋሸሁ፤ በዚህኛው ጊዜ በዝምታ።

ነገር ግን ቁልቁለቱን ስንወርድ፣ ጉሙ ተገፍፎ ዓባያና ጫሞ ከታች ብቅ ሲሉ፣ በውስጤ የተነሣው ሌላ ነገር ነበር። አባትየው በሕይወት አሉ! ልጅቱ ገና ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው! የአክስቷ ልጅ በእግር ቢኬድ የምትገኝ ናት! ወረቀቱ አልተቀደደም! በዓለም ላይ ስንት በደል አለ፣ ቢናዘዙትም የማይመለስ፤ የእኔ ግን ሊመለስ ይችላል፤ ሁሉም ባይሆን የሚበዛው። ቤቴ ሳልገባ በቀጥታ ወደ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ፋይሉን አወጣሁ። በቀኑ ተራ፣ በቦታው፣ ሁለቱ የሽቦ ቀዳዳዎቹ ሳይቀሩ፣ እዚያው ነበር። እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጬ ሳቅሁ፤ ማልቀሴንም ያወቅኩት በኋላ ነው።

ይህ ነው እንግዲህ ደስታዬ። ደግሞ እጠራጠረዋለሁ። ሣጥኑን ያሠራሁ ጊዜም እንዲሁ እቸኩል ነበር፤ እንዲሁ ፊቴ ይሞቀኝ ነበር። አሁን የምደሰተው ልጅቱ ቃሏን መልሳ ልታገኝ ነው ብዬ ነው? ወይስ እኔ በሰው ፊት ቆሜ፣ እንዴት ያለች ደፋር ሴት ናት ሊባልልኝ? ሦስት ሳምንት የዘገየሁት በዚህ ምክንያት ነው። ኑዛዜዬን በተራ ቁጥር፣ በመግቢያና በማጠቃለያ አዘጋጅቼ ነበር፤ ያምኑኛል? መሸጋገሪያ ቃላቱን ሳስተካክል አንድ ከሰዓት በኋላ አሳለፍኩ። ባነበብኩት ጊዜ የኮሚቴ ሪፖርት ሆኖ አገኘሁትና ተውኩት።

ደስታዬ ንጹሕ እስኪሆን ከጠበቅሁ ግን ያቺ ልጅ ሁለተኛ ገጽ እንደተባለች ትኖራለች።

እዚህ ላይ ብዕሬን አስቀምጬ ነበር። በዚያ የሣጥኑ መዝገብ ውስጥ የወላጅ ስልክ የሚል ዓምድ አለ፤ አርባ አንደኛውን መስመር አገኘሁና ደወልኩ። ሰዓቱ ከቀኑ አሥር ሆኖ ነበር። ብዙ ጠራ። ሲነሣ ከጀርባው የሽመና መቃ ድምፅ ይሰማ ነበር።

«ሄሎ?»

«አቶ ማዳ፣ እንደምን ዋሉ? ከአርባ ምንጭ ነው፤ የአስናቀች መምህርት ነኝ።»

ሽመናው ቆመ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ያቺ ልጅ ደግሞ ምን አጠፋች?» አሉኝ።

አራት ዓመት አልፎ፣ ትምህርቷን ትታ፣ ከአባቷ ቤት እየኖረች፣ መምህርቷ ስትደውል የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ይህ ነው። ያሰናዳሁት ዓረፍተ ነገር ሁሉ ጠፋኝ።

«እርሷ አላጠፋችም፣ አባቴ። ያኔም አላጠፋችም። ወረቀቱ ሁለተኛ ገጽ አለው። እኔ ነኝ የደበቅኩት፤ እኔ ነኝ የዋሸሁት። ሣር ይዛችሁ የመጣችሁ ጊዜም በሆድሽ ምን አለ ስባል ዋሽቻለሁ።»

ከሽመናቸው ሲነሡ ሰማሁ።

«ቅዳሜ እመጣለሁ» አልኩ። «ሽማግሌዎቹ ባሉበት፣ ሰው በሚሸመገልበት በዱቡሻው ሜዳ፣ ሰው በሙሉ እየሰማ ልናገረው። ወረቀቱን ይዤ እመጣለሁ።»

«ነይ» አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ፣ ለእኔ ይሁን ለራሳቸው ባልታወቀኝ ሁኔታ፣ «እኔስ ልጄን ምን ልበላት?» አሉኝ።

ስልኩ ከተዘጋ ሰዓት አልፏል፤ ይህን ጥያቄ ይዤ ተቀምጫለሁ፤ ያ ሁሉ መቅበጥበጥም ጸጥ ብሏል። በሠራሁት በደል ላይ ይህንንም ይጨምሩልኝ፤ አንድ ደግ አባት የገዛ ልጁን በዳይ እንዲሆን አድርጌአለሁ። ቅዳሜ በሜዳው ላይ ቆሜ የእኔን እናገራለሁ፤ የእሳቸውን ግን ልናገርላቸው አልችልም። ስለዚህ ይቅር ይበሉኝ አልልዎትም፤ አንድ ጊዜ የማይገባኝን ሣር ተቀብያለሁ፤ ይበቃኛል። በስልክ ስለተቀረጽኩ ነው፣ ሥርዓት ስለምወድ ነው፣ ያ ዓመት ለሁሉም ክፉ ነበር አልልም። በእኔ ቃል የተነሣ አራት ዓመት ልጁን ሳያምን የኖረ ሰው ማታ ከገበያ ስትመለስ ምን ይላታል? ሃያ ሦስት ዓመት ሰው ሳስተምር ኖሬአለሁ፤ ለዚህ ሰው የማቀብለው አንዲት ቃል የለኝም።